የኑሮ ውድነቱን ሒሳብ ማን ከፈለ?

ብሔራዊ ባንክ ከእንግዲህ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን እንደሚመራ፣ ተመኑም 15 በመቶ እንደሆነ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲያስታውቅ፣ ሒሳባቸውን የምሠራላቸው ነጋዴዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይዘውት የመጡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ታዲያ ባንክ በ15 ሊያበድረን ነው?» እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ተመኑ ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንኮች ጋር የሚገበያይበት ነው፤ ባንኮች የተረፋቸውን ገንዘብ ለአንድ ሌሊት እዚያ ሲያስቀምጡ 12 በመቶ ያገኛሉ፣ ሲጎድላቸው ደግሞ በ18 በመቶ ይበደራሉ፣ 15 የሁለቱ መካከለኛ ነው፤ ነጋዴው የሚከፍለው ወለድ ግን ከራሱ ባንክ ጋር የሚዋዋለው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «እንግዲያው እኛን ምን አገባን?» አለኝ። ስለ ገንዘብ ፖሊሲ በአማርኛ የሚጻፉ ትንታኔዎች ከዚህች ጥያቄ ቢጀምሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ከተመኑ ይጀምሩና እዚያው ተመኑ ላይ ያበቃሉ።

በትምህርት ቤት እንደተማርነው ከሆነ የማዕከላዊ ባንክ ሥራ ቀላል ይመስላል። ዋጋ ሲንር ወለድ ይጨምራል፤ ወለድ ሲጨምር ቤት ሊሠራ ያሰበው ለጊዜው ይቆያል፣ መኪና ሊገዛ የነበረው ይተወዋል፣ ፋብሪካውን ሊያስፋፋ የተነሣው ዕቅዱን ያሳድረዋል፣ በእጁ ገንዘብ ያለውም ከመግዛት ይልቅ ማስቀመጥን ይመርጣል፣ ገዢ ሲቀንስም ሻጭ ዋጋ ለመጨመር የነበረው ድፍረት ይቀንሳል። ኢኮኖሚው ተቀዛቅዞ ድርጅቶች ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምሩ ደግሞ ባንኩ ወለዱን ያወርዳል፣ ብድር ይረክሳል፣ ገበያው ቀስ በቀስ ይነቃቃል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። በትምህርቱ ውስጥ ብዙም የማይነገረው ግን ዋጋ የሚረጋጋው አንድ ሰው ሊገዛ ያሰበውን ሳይገዛ፣ ሊበደር የፈለገውን ሳይበደር፣ ወይም ያገኝ የነበረውን ሥራ ሳያገኝ ሲቀር መሆኑ ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ በየአገሩ የተለያየ ነው፤ ሰዎች ገንዘብ የሚያገኙበት፣ የሚያስቀምጡበትና የሚበደሩበት መንገድ ይወስነዋል።

ይህ ነገር እንደ አሜሪካው የ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገሃድ የወጣበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1979 ፖል ቮልከርን የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር አድርገው ሲሾሙ የዋጋ ንረቱ ከ11 በመቶ በላይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ወደ 14.8 በመቶ ወጣ። ቮልከር የገንዘብ አቅርቦቱን አጥብቀው ያዙ፤ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የአጭር ጊዜ ወለድ በ1981 ወደ 20 በመቶ ተጠጋ፣ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በዚያው ዓመት ከ18 በመቶ አለፈ። በዚህ ወለድ ቤት የሚገዛ ሰው ስላልነበረ የቤት ሥራ ተቋራጮች ቁራጭ ጣውላ ላይ አቤቱታቸውን እየጻፉ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ በፖስታ ይልኩ ነበር። በ1982 መጨረሻ ላይ የሥራ አጡ ቁጥር 10.8 በመቶ ደረሰ። በ1983 ንረቱ ከ4 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ ቮልከርም ዛሬ ንረትን የሰበሩ ሰው ተብለው ይወደሳሉ። እኔም አድናቆቱን አልነፍጋቸውም፤ ነገር ግን ጣውላውን የላከው ሰው ሒሳቡ የት ላይ እንደተወራረደ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተመካከረው ግን አልነበረም። ቢያንስ ግን አቤቱታውን ለማን እንደሚልክ ያውቅ ነበር፤ እኛ አገር ይህም ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም።

የቅርቡ የአሜሪካ ታሪክ ለስለስ ያለ ነው። በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ንረቱ 9.1 በመቶ በደረሰበት ዓመት ፌዴራል ሪዘርቭ ከዜሮ አካባቢ ተነሥቶ እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ወለዱን ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው፤ ሥራ አጥነት ግን እንደ ቮልከር ዘመን አላሻቀበም። ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ያን ጊዜ ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቅም ነበር። በ2021 በ3 በመቶ አካባቢ የተበደሩ ጓደኞቹ ወለዱ ለ30 ዓመት የማይነቃነቅ ስለሆነ ምንም አልነካቸውም፤ እሱ ለመግዛት በተዘጋጀበት በ2023 መኸር ግን ወለዱ 8 በመቶ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። አንድ ሠፈር፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ፤ ሒሳቡ የመጣው ዘግይቶ ለደረሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአሜሪካ የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲነቃነቅ በቤት ብድር፣ በመኪና ብድርና በክሬዲት ካርድ በኩል በሚሊዮኖች ቤት ይገባል። እኛ ዘንድ ከባንክ የሚበደረው ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ገንዘብ ሲያስፈልገው ወደ ዕቁብ፣ ወደ ዘመድ ወይም ወደ አራጣ ይሄዳል። የሸማቹ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚውለው ለምግብ ነው፤ የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ ከብድር ይልቅ ዝናብን፣ ነዳጅንና የመንገድ ጸጥታን ይከተላል። ቧንቧ ባልገባበት ሠፈር ዋናውን የውኃ መዝጊያ ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩት የሚታይ ለውጥ የለም፤ ወለድም እንዲሁ የሚሠራው መስመሩ እስከደረሰበት ቤት ድረስ ብቻ ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት ገበያ እንኳ በወጉ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ንረቱ ከየት መጣ? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የዓመቱ ንረት ከ60 በመቶ ሲያልፍ የዓለም የእህል ዋጋም አብሮ ጨምሮ ነበር፤ ከ2013 በኋላ ጦርነት፣ ድርቅና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተደራርበዋል። በእነዚህ ሁሉ ሥር ግን ለዓመታት ሳይቋረጥ የሄደ አንድ ነገር አለ፤ መንግሥት ገቢው ከወጪው ሲያንስ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ይህ ብድር ከማንም ኪስ የወጣ አይደለም፤ ባንኩ በመዝገቡ ላይ ጽፎ የሚፈጥረው አዲስ ብር ነው፤ ሕዝቡ «ብር ታተመ» የሚለውም ይህንኑ ነው። በጥር 2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይትና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዘይት ከመደርደሪያ ላይ እየጠፋ ከጓሮ በሌላ ዋጋ ሲሸጥ ያየ ሁሉ ያን ጊዜ ያስታውሰዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ጣሪያው ተነሣ። በዚያው ዓመት ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ፣ ማለትም ያን ያህል ገንዘብ ለብሔራዊ ባንክ እንዲያበድሩ ታዘዙ። የሰነዱ ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ግን 5 በመቶ። ይህን ኪሳራ ለማካካስ በተበዳሪው ላይ ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ከመጨመር በቀር ምን ምርጫ ነበራቸው? መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ቆየ።

ከሁሉም በላይ የከፈለው ግን ተበዳሪው አልነበረም። የከፈለው አስቀማጩ ነው፤ ይህን በወሬ ሳይሆን በእናቴ የቁጠባ ደብተር አውቀዋለሁ። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል ደስ ብሏት ነበር፤ ደብተሩን እያሳየች ልጆቿን ሁሉ አስቆጥራናለች። ንረቱ 34 በመቶ አካባቢ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. አንድ መቶ ሺሕ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 7,000 ብር ወለድ ታስቦለት፣ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ተቆርጦ፣ 106,650 ብር በደብተሩ ላይ ያገኛል። ይህ ብር በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ሲተመን ወደ 79,600 ብር ግድም ነው። እናቴ ሃያ ሺሕ ብሯ የት ሄደ ብትለኝ የምጠቁማት ሌባ የለም፤ በአንድ በኩል በርካሽ ወለድ የተበደሩ ትልልቅ ድርጅቶች፣ በሌላ በኩል በአዲስ ብር ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ተካፍለውታል። ግብር ቢሆን ኖሮ አዋጅ ይወጣለት፣ ምክር ቤት ይከራከርበት ነበር፤ ይህ ግን ደረሰኝ እንኳ ሳይቆረጥለት ተሰብስቧል። በሒሳብ ሠራተኛነቴ ብዙ ዓይነት ግብር አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ከወለድ ላይ የተቆረጠው 5 በመቶ ግን ከሁሉም የሚያስገርመኝ ነው፤ ከስሮ ለሚመለስ ሰው የተቆረጠ የትርፍ ግብር ነውና።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ የሚባለው ሰው ገንዘቡን ባንክ አያቆይም። ዶላር ይገዛል፣ መሬት ይገዛል፣ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፤ ለእነዚህ ያልበቃው ፌሮና ሲሚንቶ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያከማቻል። ከደንበኞቼ መካከል ዕቃ በመሸጥ ያገኘውን ያህል ዕቃውን ባለመሸጥ ያተረፈ ነበር። ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ከንረት በታች አድርጎ ለዓመታት ሲያቆይ የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ ትምህርቱም አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ቱርክ ይህን በአጭር ጊዜ አሳይታናለች፤ ንረት እየጨመረ ሳለ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ወለዱን ከ19 ወደ 14 በመቶ አወረደች፣ በቀጣዩ ጥቅምት ንረቷ ከ85 በመቶ አለፈ፣ በመጋቢት 2024 ወለዱ 50 በመቶ ላይ ቆመ። ቀድሞ በጥቂት ሊከፈል ይችል የነበረው ሒሳብ ዘግይቶ በእጥፍ ሲከፈል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ መጥበቅ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ሁለት ነገሮችን አብሮ አወጣ፤ አንደኛው የመንግሥት ቀጥታ ብድር ከቀደመው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ እንዲወርድ፣ ሁለተኛው የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ፤ የብድር ጣሪያ የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ያለ ማመንታት እደግፈዋለሁ፤ ከምንጩ የሚፈሰውን የሚገታ እሱ ነውና። ሁለተኛው ግን ሒሳቡን ለማን እንደላከው በቅርብ አይቻለሁ።

ከደንበኞቼ አንዱ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለው። በ2016 ዓ.ም. ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ለመሥራት ውል ይዞ፣ የቤቱን ካርታ አስይዞ ብድር ጠየቀ። ሒሳቡን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን ገመተ፣ የብድር ኮሚቴውም አጸደቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ጸድቋል፣ የሚለቀቀው ግን ጣሪያው ሲፈቅድ ነው» ተባለ። በየሳምንቱ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ «በሚቀጥለው ወር» ይባላል። የብድር ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የጸደቁ ማኅደሮች እያሳየ «እኔስ ምን ላድርግ ጋሼ?» ይለዋል። ሰውዬው 20 በመቶ ወለድ ቢጠየቅም ለመክፈል ዝግጁ ነበር፤ ውሉ ያንን የሚችል ትርፍ ነበረውና። ወለድ ስንት ትችላለህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ ቅድሚያ ክፍያውን መለሰ፣ ሁለት ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ ብረት ቆራጩን ማሽንም ሸጠ።

በወለድና በጣሪያ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ወለድ ሲጨምር ውድ ብድር ተሸክሞ ማትረፍ የሚችለው ይበደራል፣ የማይችለው ይቀራል፤ ጭካኔ አለው፣ ቢያንስ ግን በሥራው ይለያል። ብድር በመጠን ሲቆረጥ ግን ለማን እንደሚዳረስ የሚወስነው ባንኩ ነው፤ ባንክ ደግሞ ሲጨንቀው የሚያስቀድመው ነባር ደንበኛውን፣ ትልቁን ላኪና ዋስትናው የበዛውን ነው። ብሔራዊ ባንክ ጣሪያውን የመረጠበት ምክንያት ይገባኛል፤ የወለዱ መስመር ገና ባልተዘረጋበት አገር ብድርን ፈጥኖ መግታት የሚችል በእጁ ያለ መሣሪያ እሱ ነበር፤ ሠርቷልም። የምከራከረው ግን መሣሪያው «ገለልተኛ» እንደሆነ ተደርጎ ሲነገር ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከወለድ ተመኑ ጋር በዚያው ወር የምንዛሪው ሥርዓት ተለወጠ። ከሐምሌ 22 በፊት ባንክ ውስጥ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዋጋ ሁሉ በእጥፍ ይንራል ብሎ የፈራው ብዙ ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው፣ የጡረታ አበላቸውን ይዘው መድኃኒት ቤት የሚሄዱ ሰዎች ያዩትን አይተዋል። ይሁንና አጠቃላዩ ንረት በሰኔ 2016 ከነበረበት 19.9 በመቶ ቀስ በቀስ እየወረደ በነሐሴ 2017 ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። ብዙ የውጭ ሸቀጥ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ዶላር ተሰልቶ ይሸጥ ስለነበር፣ ለውጡ የተገመተውን ያህል ዋጋ አላናረም። ከዚህ ጋር መንግሥት በ2017 በጀት ዓመት ከብሔራዊ ባንክ ቀጥታ ብድር አለመውሰዱ ተገልጿል። ንረቱን ማን አወረደው ብትሉኝ እጄን የምጠቁመው በመጀመሪያ ወደዚህ፣ ቀጥሎ ወደ ብድር ጣሪያው ነው፤ 15 በመቶው ከእነዚህ በኋላ፣ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል።

«ንረቱ ቀነሰ ይላሉ፤ ሽንኩርት የት ቀነሰ?» የሚለው የገበያ አነጋገር እዚህ ላይ መልስ ይገባዋል፤ የጠያቂውን አላዋቂነት ማሳያ አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ንረቱ ወደ 20 ቢወርድ 156፣ በሦስተኛው ወደ 13 ቢወርድ 176 ብር ይገባል። ባለሙያው «ንረት ከ30 ወደ 13 ወረደ» ሲል እውነቱን ነው፤ ሸማቿም ዕቃው በ76 ብር ተወደደ ስትል እውነቷን ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ደመወዟ ካልተነቃነቀ የንረቱ መርገብ ለእሷ ያመጣላት ነገር ቢኖር ወደፊት በፍጥነት አለመደኽየት ብቻ ነው። የተሻገረው ዘመን ኪሳራ አይመለስም፤ ማዕከላዊ ባንክም እንዲመልሰው አይጠበቅም፤ ያ የደመወዝና የበጀት ጉዳይ ነው።

ስለ ድቀት ደግሞ የምንናገረው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ባንክ በዚያ በኩል ያለው አቅም ጠባብ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ወደ ዜሮ አውርዶ በትሪሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሰነድ ገዛ፤ የዓለም ሕዝብ ዶላር ስለሚፈልግ የፈጠረው ገንዘብ ተቀባይ አላጣም። እኛ በኮሮና መግቢያ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቦ ተበዳሪዎች እፎይታ እንዲያገኙ ሞክሯል፤ ተገቢ እርምጃ ነበር። ሆቴሉ የተዘጋው እንግዳ ስላጣ፣ ፋብሪካው የቆመው ጥሬ ዕቃ ማስገቢያ ዶላር ስላጣ፣ እርሻው የከሰመው ዝናብ ስለቀረበት ሲሆን ግን ብር በማቅረብ የሚፈታው ጥቂት ነው፤ ገፍቶ ከሄደ ደግሞ ያው ብር ዞሮ ዋጋ ላይ ይወጣል። በአገራችን ብዙ ጊዜ መቀዛቀዙና ንረቱ ተያይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ አንዱን ለማከም የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል።

አሁን የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል፣ መግለጫም ያወጣል፤ የመጀመሪያው ስብሰባ የተካሄደው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ይህን እንደ ትልቅ ለውጥ እቆጥረዋለሁ፣ ቢያንስ አቤቱታ ለማን እንደሚላክ ታውቋልና። መግለጫው ሲወጣ ጋዜጦች ስለ 15 በመቶው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የማነበው የብድር ጣሪያውን ነው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ቀጥሎ የምፈልገው ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ነው፤ 7 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈውታል። ብድር በጣሪያ እስከታጠረ ድረስ ባንኮች ብዙ ማበደር ስለማይችሉ አስቀማጭን ለመሳብ ወለድ ለመጨመር የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ ስለዚህ ጣሪያው የተበዳሪውን ብቻ ሳይሆን የእናቴንም ገንዘብ ይነካል። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ባንኮች ለተቀማጭ መሻማት ይጀምራሉ፣ የቁጠባ ወለድም ወደ ንረቱ ይጠጋል ብዬ እጠብቃለሁ። ይህ የሚሆነው ግን መንግሥት ወደ ቀጥታ ብድሩ ካልተመለሰ ነው፤ ከተመለሰ ጣሪያው መነሣቱም ሆነ 15 በመቶው 20 መሆኑ ለአስቀማጩ የሚለውጠው ነገር አይኖርም።